ዳታ ዲክሽነሪው ሌላ፣ ዳታቤዙ ሌላ፦ የትኛውን ልመን?

ሰነድ ፈላጊ — ሰኞ፣ ከሰዓት 8፡40

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የአባላት ሲስተሙን ከተረከብኩ 3 ሳምንቴ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሥራ ለቋል። የተረከብኩት ሰርቨሩን፣ የይለፍ ቃሎቹንና አንድ ኤክሴል ፋይል ነው። ፋይሉ ዳታ ዲክሽነሪ ነው። የየቴብሉ ማለትም የየሠንጠረዡ ስም፣ የየኮለሙ ማለትም የየዓምዱ ዓይነትና ርዝመት፣ ከጎኑ ደግሞ ትርጉሙ በአማርኛ ተጽፎበታል። ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ዳታቤዙ ኦራክል 19ሲ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ማመሳከር ስጀምር ግን አልገጥም አሉኝ።

ዲክሽነሪው ውስጥ 64 ቴብል አለ። ዳታቤዙ ውስጥ የማገኘው 61 ነው። «የአባልነት ቀን» የሚለው ኮለም በዲክሽነሪው ዴት ነው፤ ዳታቤዙ ውስጥ 10 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ ነው። የአባላት ቴብሉ ስንት ሮው ወይም ረድፍ እንዳለው ኦል ቴብልስ በሚባለው የኦራክል ዝርዝር ላይ ሳይ 12,400 ይላል፤ ራሴ ስቆጥር 18,950 ነው።

ከሁሉም ያልገባኝ የስሙ ነገር ነው። ዲክሽነሪው ሙሉ ስም 50 ፊደል ይይዛል ይላል። ዳታቤዙም 50 ይላል። እዚህ ላይ ተስማምተዋል። ግን ከአንድ ቅርንጫፍ ደውለው «ሲስተሙ ስም አልቀበል አለን» አሉኝ። ስሙን አስልኬ ቆጠርኩት፤ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 22 ነው። አጭር ስም ይገባል፣ ረጅም ስም ይመለሳል።

አለቃዬ እስከ ዓርብ ዲክሽነሪውን አስተካክዬ እንዳቀርብ ይፈልጋል፤ ኦዲተሮች ይጠይቁታል። «ከዳታቤዙ ላይ ገልብጠሽ አዲስ አውጪ» ነው ያለኝ። እንደዛ ላድርግ? የደረሰባችሁ ካለ ንገሩኝ።

ናቲ ዴቭ — ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡15

ሰላም እህቴ። እኔ ብሆን አለቃሽ እንዳለው ነው የማደርገው። ኤክሴል ያረጃል። በየቀኑ እየሠራ ያለው ዳታቤዙ ስለሆነ እውነቱ እሱ ጋ ነው። ቴብሎቹንና ኮለሞቹን ከካታሎጉ፣ ማለትም ዳታቤዙ ስለ ራሱ ከሚይዘው ዝርዝር፣ የሚያወጣ አንድ ኩዌሪ ወይም መጠይቅ ትጽፊያለሽ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የድሮውን ፋይል አስቀምጪውና በአዲሱ ቀጥይ።

የድሮ ዲቢኤ — ሰኞ፣ ማታ 1፡30

ልጄ፣ አትቸኩዪ። ናቲ ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ ግን በመንገድ ላይ የሚጠፋ ነገር አለ።

ዳታ ዲክሽነሪ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ አንቺ የያዝሽው፣ ሰው የጻፈው ሰነድ ነው። ሌላው ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚይዘው ካታሎግ ነው። ኦራክል ዳታ ዲክሽነሪ ብሎ የሚጠራው ይህንኛውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው። የሪሌሽናል ዳታቤዝን ሐሳብ ያመነጨው ኤድጋር ኮድ የተባለው ሰው በ1985 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ደንቦች 4ኛው፣ ዳታቤዝ ስለ ራሱ ያለውን መግለጫ እንደ ማንኛውም ዳታ ይያዝ የሚል ነው። ካታሎጉን በተራ ኩዌሪ መጠየቅ የምንችለው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ካታሎጉ ያለውን ይነግርሻል፤ ለምን እንዳለ አይነግርሽም። ሰነዱ የታሰበውን ይነግርሻል፤ መሠራቱን አያረጋግጥልሽም። ሁለቱ ሲጣሉ ሳትጠይቂ በአንዱ ላይ አትፍረጂ።

ወደ ቴብሎቹ ልምጣ። በየትኛው ዩዘር ነው የገባሽው? ኦራክል ላይ አንዱ ዝርዝር በ3 መልክ ይመጣል። በ«ዩዘር» የሚጀምረው የራስሽን ብቻ ያሳያል። በ«ኦል» የሚጀምረው የራስሽንና ፈቃድ የተሰጠሽን ያሳያል። በ«ዲቢኤ»፣ ማለትም በዳታቤዝ አስተዳዳሪ፣ የሚጀምረው ሁሉንም ያሳያል። ፈቃድ የሌለሽ ቴብል በኦል ላይ ኤረር አይሰጥም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አይኖርም፣ በቃ። ያልተፈጠረ ይመስልሻል። ስለዚህ በዲቢኤ ቴብልስ ፈልጊያቸው። ሲኖኒሞቹንም፣ ማለትም ለቴብሎች የተሰጡ ተለዋጭ ስሞችን፣ እዪ። በጥቅስ ያልተጻፈ ስም ኦራክል ውስጥ በትልቁ ፊደል ነው የሚቀመጠው፤ በትንሹ ፊደል ከፈለግሽ አታገኚውም።

12,400 ያለሽ ቁጥር ቆጠራ አይደለም። ስታትስቲክስ፣ ማለትም ኦራክል ስለ ቴብሎቹ መጠን የሚይዘው ማጠቃለያ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበ ዕለት የነበረ ነው። ላስት አናላይዝድ የሚል ኮለም እዚያው አለ፣ ቀኑን እዪው። ይህ ብልሽት አይደለም። ሰነድሽ ውስጥ ግን እንዳትገለብጪው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር አይተሽ ንገሪኝ። የኮለሞቹ ዝርዝር ላይ ቻር ዩዝድ የሚለው ምን ይላል? ቢ ነው ሲ?

ሰነድ ፈላጊ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት በዲቢኤ ዩዘር ስገባ ሁለቱን አገኘኋቸው። የሒሳብ ክፍሉ ስኪማ፣ ማለትም በእሱ ዩዘር ስም የተያዘ የቴብሎች ስብስብ፣ ሥር ናቸው። የእኔ ዩዘር ፈቃድ አልነበረውም። ላስት አናላይዝድ ደግሞ ያለፈው ዓመት ጥር ነው፤ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ።

3ኛው ቴብል ግን የለም። «የዋስ መዝገብ» ይባላል። በማንም ስኪማ ሥር የለም፣ ፕሮግራሙም ውስጥ ስሙ አይነሳም። ዲክሽነሪው ላይ ግን 9 ኮለም አለው፤ እያንዳንዱ ትርጉሙ ተጽፏል። የብድር ሠራተኛዋን ስጠይቃት «ዋስ እኮ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ ነው የምንጽፈው» አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። የዋሱ ስም፣ ስልክ፣ አንዳንዴም የቤት ቁጥር በአንድ ኮለም ውስጥ ተደርድሯል። አንድ ሰው ለስንት ተበዳሪ ዋስ እንደሆነ ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ከዳታቤዙ ገልብጬ ቢሆን ኖሮ ይህ ጉድለት ከሰነዱም ይጠፋ ነበር።

ቻር ዩዝድ ቢ ነው የሚለው።

የድሮ ዲቢኤ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡20

ቢ ከሆነ ተገኘ። ቢ ማለት ባይት፣ የማከማቻ ቦታ መለኪያ ነው፤ ሲ ማለት ፊደል ነው። ቫርቻር2 የሚባለውን የጽሑፍ ዓይነት መርጠሽ 50 ብቻ ከጻፍሽ፣ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ነገር ካልተነገረው በቀር ኦራክል የሚረዳው 50 ባይት ብሎ ነው። በእንግሊዝኛ አንዱ ፊደል 1 ባይት ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ስልት ግን የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ነው። ክፍት ቦታ 1 ባይት ነው።

ከራሴ የፈጠርኳቸውን ስሞች እንቁጠር። «ወለተማርያም ገብረመድኅን ኃይለሥላሴ»፦ 7፣ 7 እና 6፣ በድምሩ 20 ፊደል። 60 ባይት ሆነ፤ በ2 ክፍት ቦታ 62። አይገባም። «አብዱረህማን መሐመድ ኑር ሁሴን»፦ 16 ፊደል፣ 48 ባይት፣ 3 ክፍት ቦታ፤ 51። በ1 ባይት ይመለሳል። «አበበ ከበደ ታደሰ»፦ 29። ይገባል። የሚመጣው ኤረር ኦራ-12899 መሆን አለበት። መጨረሻው ላይ የመጣውንና የሚፈቀደውን መጠን ይጽፍልሻል፤ ከቆጠራው ጋር አስተያዪው።

እንግዲህ ሰነዱን የጻፈው ሰው 50 ፊደል ብሎ አሰበ። ቴብሉን የፈጠረው ሰው 50 ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ መለኪያው ለየቅል። በእንግሊዝኛ ስም ቴስት ተደርጎ ከሆነ ማንም አያየውም። እዚህ ላይ ትክክሉ ሰነዱ ነው። ባክአፕ ያዢ፣ በቴስት ሰርቨሩ ጀምሪ፣ ከዚያ ኮለሙን ሞዲፋይ አድርጊና ከ50 ቀጥሎ «ቻር» የሚለውን ቃል ጨምሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ፈትሺ። ስም አልገባ ሲላቸው ሠራተኞቹ ምን ሲያደርጉ ቆዩ? «ገ/መድኅን»፣ «ወ/ማርያም» እያሉ አሳጥረው አስገብተው ይሆናል። ያ ስም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቶ በስሙ ምክንያት ከመስኮት ሲመለስ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። የዳታቤዝ ስህተት ነው ብሎ የሚነግረውም የለም።

ናቲ ዴቭ — ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

ጋሼ ትክክል ናቸው። ትናንት የሰጠሁሽን ምክር ትቼዋለሁ። የዋስ መዝገቡን ነገር ሳነብ ነው የገባኝ።

በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ለምትሠሩ እዚያም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኤንቫርቻር በሚባለው የጽሑፍ ዓይነት 50 ተብሎ የተፈጠረ ኮለም ሲስ ኮለምስ በሚባለው የካታሎጉ ዝርዝር ላይ ርዝመቱ 100 ሆኖ ይታያል። እዚያ ያለው ቁጥር ባይት ስለሆነ ነው፤ ኤንቫርቻር ለአንድ የአማርኛ ፊደል 2 ባይት ይይዛል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ ግን ሰነዱ ኤንቫርቻር እያለ ኮለሙ ቫርቻር ሆኖ ተፈጥሮ ነበር። የገባው አማርኛ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተቀመጠ። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ስናውቀው የ4 ወር ዳታ እንዲያ ሆኗል። የጥያቄ ምልክት አንዴ ከተቀመጠ ወደ ፊደሉ አይመለስም። ከወረቀት ቅጹ ላይ ነው እንደገና ያስገባነው።

ሰነድ ፈላጊ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡30

በቴስት ሰርቨሩ ኮለሙን ቀየርኩት። በቅጹ በኩል የተመለሰው ስም አሁን ይገባል! ከቅርንጫፍ የሚመጣውን ፋይል የሚጭነው ፕሮሲጀር፣ ማለትም ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ፕሮግራም፣ ግን አሁንም ይወድቃል። ኤረሩም ተቀይሮ ኦራ-06502 ሆኗል።

የስሞቹንም ፈተሽኩ፣ ጋሼ። በእዝባር ያጠሩ 2,106 ስሞች አሉ። ሁሉም በርዝመት ምክንያት ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሰው ራሱም እንዲያ ይጽፋል። ግን ብዙ ናቸው።

ናቲ ዴቭ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11፡00

ፕሮሲጀሩ ውስጥ ስሙን ለጊዜው የሚይዘው ቦታ፣ ማለትም ቫሪያብሉ፣ ቫርቻር2 50 ተብሎ በእጅ የተጻፈ ይሆናል። እሱም 50 ባይት ነው። ኮለሙ ሰፋ፣ ቫሪያብሉ ጠባብ እንደሆነ ቀረ። ርዝመት አትጻፊለት፤ ዓይነቱን ከኮለሙ በሚወስደው በፐርሰንት ታይፕ ከኮለሙ ጋር እሰሪው። ኮለሙ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ጊዜያዊ መጫኛ ቴብል ካለም እሱን እዪ።

ሰነድ ፈላጊ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11፡40

እሱ ነው! ቫሪያብሉም መጫኛ ቴብሉም። ሁለቱንም ዲክሽነሪው አያውቃቸውም ነበር። ተባረክ ናቲ። አሁን የቀረኝ ቀኑ ነው፤ እሱን ስነካው እፈራለሁ።

ሪፖርት ሠሪዋ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ውዴ፣ ቀኑን እኔ ልንገርሽ። ይህ ነገር አንድ ዓመት ሙሉ አድክሞኛል።

ኮለሙ መጀመሪያ ዴት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ጥቅምት 30 ብሎ ሊያስገባ ሞከረ። 30/02። ለዳታቤዙ ይህ ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንቢ አለ። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። የጨነቀው ሰው ኮለሙን ጽሑፍ አደረገውና ሁሉም ነገር ገባ። ሥራው ቀጠለ። ሰነዱ ግን ዴት እንዳለ ቀረ። ሰውየው ጥፋተኛ ነው ብዬ አላስብም፤ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ነበረበት።

ችግሩ አሁን በዚያ ኮለም ውስጥ ሁለት ካላንደር አለ። ምናልባት ሦስት አጻጻፍ። 04/05/2010 የሚለውን ምን ትዪዋለሽ? ጥር 4 ቀን 2010 ነው? በፈረንጅ ሜይ 4 ነው? ወይስ ወሩን ያስቀደመ ሰው የጻፈው ኤፕሪል 5? ከዓይን ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ ኮለሙን በአንድ ጊዜ ወደ ዴት እንዳትቀይሪው። አዲስ ኮለም ጨምሪና የድሮውን ጽሑፍ ሳትነኪ የተለየውን በጎን አስቀምጪ።

እኔ የለየሁት እንዲህ ነው። ወሩ 13 የሆነና 30/02 ያለበት መጀመሪያ ይወጣል፤ የእኛ ካላንደር ነው። ግን ተጠንቀቂ። 06/13/2015 ጳጉሜን 6 ሊሆን ይችላል፣ 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ነበረችና። ወሩን ላስቀደመ ሰው ደግሞ ጁን 13 ነው። 06/13/2014 ከሆነ ጳጉሜን ሊሆን አይችልም፤ በ2014 ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች። ቀጥሎ ማኅበሩ የተመሠረተበትን ዓመት ያዢ። ከምሥረታው በፊት አባል የሆነ ሰው የለም። አሁን ካለንበት የእኛ ዓመት የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ፈረንጅ ነው። መሃል ላይ ያሉት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ለእነሱ ሮው ሲገባ ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈው የሰዓት ማህተም ካለሽ ትልቅ ነገር ነው። ሰውየው አባል በሆነ ሳምንት ከተመዘገበ፣ በማህተሙና በጽሑፉ መካከል 7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት ካለ የእኛ ነው። ልዩነት ከሌለ ፈረንጅ ነው። 7 የሚሆነው ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ 8።

ከወረቀት ዘግይተው የገቡ የድሮ አባላት ላይ ይህ አይሠራም። ለእነሱ የአባልነት ቁጥሩን ተከተይ። ቁጥሩ በተራ የተሰጠ ከሆነ ከፊቱና ከኋላው ያሉት አባላት መቼ እንደገቡ ይነግሩሻል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የቅርንጫፍ ጸሐፊዎቹን ጠይቂ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከካታሎግ አይደለም፤ አንዲት ጸሐፊ «እኛ ሁልጊዜ በሐበሻ ነው የምንጽፈው፣ እነሱ ናቸው በፈረንጅ» ብላኝ ነው።

የድሮ ዲቢኤ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

እንዲህ ዓይነት መልስ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ አመሰግናለሁ። የምጨምረው አንድ ነው። ኦራክል ጽሑፉን ወደ ዴት ሲቀይር ካላንደሩ የኢትዮጵያ ነው ብለሽ ልትነግሪው ትችያለሽ። በራስሽ ቀመር አትጻፊ። ከመጀመርሽ በፊት በምታውቂያቸው ቀኖች ፈትኚው። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ንም ሞክሪ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መስጠት አለበት።

ማይግሬሽን — ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

ኮንስትሬይንቶቹንም፣ ማለትም ዳታው ሊያሟላቸው የሚገቡ ደንቦችን፣ እዪ። ሰነዱ ስልክ ቁጥር ግዴታ ነው ይላል፣ ዳታቤዙም ኮንስትሬይንቱ አለ ይላል፣ ግን ባዶ ሮው ታገኛለሽ። ኮንስትሬይንቱ የድሮውን ዳታ ሳይፈትሽ የተከፈተ ነው። ቫሊዴትድ የሚለው ኮለም ላይ ይታያል። ማይኤስኪውኤል 8 በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ካታሎጉ ማለትም ኢንፎርሜሽን ስኪማ የሚያሳያችሁ የሮው ቁጥር ግምት ነው፤ ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር እስከ 24 ሰዓት ካሽ ላይ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ሰነድ ፈላጊ — ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ዛሬ የተፈቀዱ ዋጋዎችን ሳይ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ክፍለ ከተማ በሚለው ኮለም ዲክሽነሪው 10 ስም ይዘረዝራል። ዳታው ውስጥ 11 አለ፤ ለሚ ኩራ ተጨምሯል። እሱ ሰነዱ ስላረጀ ነው፣ ገባኝ። የሥራ ሁኔታ የሚለው ግን 4 መሆን ሲገባው 7 ሆኖ ወጣ። «ሠራተኛ» ለብቻው፣ «ሰራተኛ» ለብቻው ነው የሚቆጠረው!

ሪፖርት ሠሪዋ — ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

አዎ፣ ለማሽኑ ሠ እና ሰ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ፤ ጸ እና ፀም፣ አ እና ዐም። እንዲህ ያለውን ነገር በእጅ አታስጽፊ። ኮድ ስጪው፣ ቅጹ ላይ ከዝርዝር ይመረጥ። የሰው ስም ላይ ግን ይህን እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። ኃይሉ ብሎ የሚጽፍ ሰው ስሙ ኃይሉ ነው። ፍለጋው እንዲያገኘው ከፈለግሽ ፊደሎቹን አንድ ያደረገ ሌላ ኮለም ለፍለጋ ብቻ ሥሪ።

ሰነድ ፈላጊ — ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡50

አቀረብኩ። ያቀረብኩት ግን ከዳታቤዙ የተገለበጠ አይደለም።

በእያንዳንዱ ኮለም ትይዩ «ሰነዱ የሚለው»፣ «ዳታቤዙ ያለው»፣ «ማን፣ መቼ ወሰነ» የሚሉ ቦታዎች ጨመርኩ። ርዝመት ባለበት ሁሉ ፊደል ወይም ባይት ብዬ መለኪያውን ጻፍኩ። ቀን ባለበት ካላንደሩን ጻፍኩ። ትርጉሞቹን ኮሜንት ኦን ኮለም በሚለው ትእዛዝ ዳታቤዙ ውስጥም አስገባሁ፤ ፋይሉ ቢጠፋ እንኳ እዚያ ይኖራሉ። የቀደመው ባለሙያ የጻፋቸውን ትርጉሞች አልነካሁም። ጥሩ ናቸው።

አለቃዬ መጀመሪያ ላይ ለምን እንደዘገየሁ ጠይቆኝ ነበር። የዋስ መዝገቡን ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ የብድር ክፍል ኃላፊውን ጠራው። ቴብሉ ሰነዱ ላይ እንዳለው ይፈጠር ተብሏል። ስማቸው ያጠረባቸው አባላት ቅርንጫፍ ሲመጡ በመታወቂያቸው ይስተካከልላቸዋል።

ቀኑን እንደተባልኩት በአዲስ ኮለም ለየሁት። የእኛ ማኅበር የተመሠረተው በ1998 ነው፤ ከ1998 እስከ 2004 ያለው ሁሉ በዚያ ብቻ ተለየ፣ በፈረንጅ ከሆነ ማኅበሩ ገና አልነበረምና። ማህተሙና የአባልነት ቁጥሩ ደግሞ የቀረውን ለዩልኝ። ከ18,950ው ውስጥ በምንም ያልተለዩ 37 ቀሩ። ባዶ ተውኳቸው፤ በግምት አልሞላኋቸውም። ሁሉም የአንድ ቅርንጫፍ ናቸው። የወረቀት መዝገቡ እዚያው ግምጃ ቤት አለ ብለውኛል። ሰኞ ጠዋት ሄጄ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ናቲ፣ ሪፖርት ሠሪዋ፣ ማይግሬሽን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የድሮ ዲቢኤ — ዓርብ፣ ማታ 1፡05

ጎሽ ልጄ። መዝገቡ ላይ ቀኑ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ የተጻፈ ካለ ሁለቱንም ገልብጪ።